የሰብሳቢው ሳቅ

ፊልሙ ላይ የዩኒቨርሲቲው ዲን በውስጥ ሱሪያቸው ብቻ ከዶርም መስኮት ተንሸራተው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ሲወድቁ፣ የፊልም ገምጋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሳቃቸው አመለጣቸው። ፊልሙ ጉድ ነበር። የዲኑ ጺም ሙጫው ለቅቆ ይንጠለጠላል፣ ማይኩ ከላይ ብቅ ይላል፣ ተማሪዎቹም ቀልድ ሲያልቅባቸው ይፈሳሉ። ሰብሳቢው ግን ሆዳቸውን ይዘው ተንፈራፈሩ። "ኧረ በናትህ! ገደልከኝ እኮ!" እያሉ አጠገባቸው የተቀመጠውን ወጣት ዳይሬክተር ጉልበት በመዳፋቸው ይመቱት ነበር።

ዳይሬክተሩ ጉልበቱ ቢቃጠልም አልሸሸም። ሦስት ዓመት የለፋበት ፊልም ያለ እኚህ ሰው ፊርማ ሲኒማ ቤት አይገባም። ስለዚህ በተመታ ቁጥር ደስ አለው፤ እንዲያውም እንዲመቻቸው ብሎ ወንበሩን ጠጋ አደረገላቸው።

መብራቱ ሲበራ ሰብሳቢው እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉና ቅጹን ሳብ አድርገው "አይፈቀድም" የሚለው ላይ ፈረሙ።

"ጋሼ... ሲስቁ ነበር እኮ!"

"እሱ እኮ ነው ያስፈራኝ፣ ልጄ።" ትከሻቸው ገና በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ሁለት ዲግሪ ያለኝን ሰውዬ እንዲህ ካንፈራፈረኝ፣ ተራውን ሕዝብ ምን ሊያደርገው ነው?"

ሰብሳቢው ኮታቸውን እየለበሱ ፊልሙ ወደታየበት ኮምፒውተር በአገጫቸው ጠቆሙ።

"ፍላሹን ግን ተወው። ልጆቼ ይሄንንማ ሳያዩት መቅረት የለባቸውም።"

ዳይሬክተሩ ፍላሹን ነቀለና ከወገቡ ዝቅ ብሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው።