የመስኮቱ ብረት

«ለምሳሌ ይሄን ተመልከቱ» አለ መምህሩ ዘንጉን ወደ መስኮቱ ፍርግርግ ቀስሮ። «ያምራል፤ ጥበብ ግን አይደለም። ሌባ ለመከልከል የተበየደ ብረት ነው። ከጀርባው ሐሳብ የለም።»

ተማሪው ሁሉ አቀርቅሮ ጻፈ። ከኋላ ወንበር፣ በልጆቻቸው እኩዮች መሀል የተቀመጡት ጡረተኛ በያጅ ግን ብዕራቸውን አላነሡም። ስለ ውበትና ስለ ጥበብ ፍልስፍና ከ«ሀ» ጀምሮ ለመማር የተመዘገቡት፣ ባለቤታቸው «በዚህ ዕድሜ?» ብላ እየሳቀችባቸው ነው። ሦስት ሳምንት አፋቸውን ይዘው ሰሙ። ዛሬ ግን አልቻሉም፤ ብድግ አሉ።

«ሐሳብ የለውም ነው ያልከው?»

«አባባ፣ እጅዎን አውጥተው ቢጠይቁ...»

«እጄማ ያውልህ፣ መስኮቱ ላይ! የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩም ፈገግ አለ፤ ከሁሉ ያንገበገባቸው እሱ ነው።

«ይሄ ክፍል ያኔ ሕፃናት የሚታከሙበት ነበር» አሉ። «የታዘዝኩት ቀጥ ቀጥ ያለ ብረት ነው። ገጥሜ ጨረስኩ። ፀሐይ ስትገባ ጥላው አልጋዎቹ ላይ ተጋደመ። አንዲት ጭንቅላቷ በፋሻ የተጠቀለለ ሕፃን ‹ጋሼ፣ ምን አጥፍተን ነው ያሰሩን?› አለችኝ። ነቀልኩት! አለቃዬ ‹አበድክ ወይ?› አለኝ። አንድ በአንድ በእሳት አግዬ፣ ሐረግ አስመስዬ አጠፍኩት። ቀጥ ያለውም ሌባ ይከለክል ነበር። ታዲያ ማጠፌ ለምን ነበር? ንገረኛ!»

አሁን የሳቀ የለም።

«እሱ... ርኅራኄ ነው፣ አባቴ» አለ መምህሩ ዝግ ብሎ። «ጥበብ የምንለው ደግሞ...»

«ስሙን እንደፈለግህ አውጣለት! ሐሳብ የለውም ግን አትበለኝ። ለነዚህ ልጆችም እንደዚያ ብለህ አታስጽፍ።»

አልተቀመጡም። መምህሩ ዘንጉን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሁለት ዓመት ጀርባውን ሰጥቶት ነው ያስተማረው። ከላይ ያለውን ብረት ነካ፤ ሻካራ ነው። እጁን ቁልቁል አወረደ። ከወገቡ ዝቅ ሲል እጁ ቆመ። እዚያ ጋ ብረቱ በሞረድ ተሞርዶ፣ ተሞርዶ፣ የወንዝ ጠጠር ሆኗል። ከዳር እስከ ዳር፣ ከፍታው አንድ ስንዝር ያህል፣ ጥፍር የሚይዝ ስለት እንኳ የለውም።

ዞር ብሎ ሽማግሌውን አየ። እሳቸው መዳፋቸውን ከወገባቸው ዝቅ አድርገው የሕፃን ቁመት አሳዩት።

መምህሩ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ። ለስላሳውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ግንባሩን አስጠግቶ፣ ወደ ውጭ አየ።