ልጅነቷን የሚያውቅ ሰው

«ልጅነትዎን የሚያውቅ ሰው ይዘው ይምጡ» አለቻት ሐኪሟ።

«ማንን?»

«እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም… ትንሽ እያሉ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበሩ የሚነግረኝ ሰው ነው የምፈልገው።»

ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው… አለቃዋ፣ አከራይዋ፣ ፋርማሲው፣ የቧንቧ ሠራተኛው።

ወላጆቿ አርፈዋል። የቀረቻት አንዲት ታናሽ እህት ናት… ከእሷም ጋር ከተነጋገሩ ሰባት ዓመት አልፏል።

አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ናት።

በአራት መቶ ገጽ መሐል የጠፋች አንዲት ነጥብ አታመልጣትም። እርማቱን የጨረሰችለትን ያንኑ መጽሐፍ ግን ታክሲ ውስጥ ረስታው ትወርዳለች።

የእርሳሶቿ አቀማመጥ ከተነካ ቀኑን ሙሉ ሥራ አይያዝላትም… ከጠረጴዛዋ ሥር ደግሞ ያልተከፈቱ ፖስታዎች ተቆልለዋል።

ሰው ይናፍቃታል። ሰው ሲመጣ ደግሞ ቶሎ እንዲሄድላት ትመኛለች።

ምሳዋን የምትበላው ወረቀት መጋዘን ውስጥ ነው። ሌሎች ሲበሉ የሚሰማው የማንኪያ ኳኳታ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ስለሚላት…

ባልደረቦቿ «ኮርታብን ነው» ይላሉ። አለቃዋ «ጎበዝ ነሽ፣ ግን ግድ የለሽ ነሽ» ይላታል።

እሷም አምናው ነበር።

አንድ ቀን ለወላጆች የተዘጋጀ ትንሽ መጽሐፍ ለእርማት መጣላት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ኦቲዝም ነው። ሁለተኛው ሐሳባቸው ስለሚበተን፣ ሐኪሞች ኤዲኤችዲ አለባቸው ስለሚሏቸው ልጆች።

ስህተት መፈለጓን ትታ ኅዳጉ ላይ «እኔ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ባለው መስመር ላይም «እኔ»። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ እርሳሱን አስቀመጠች።

ግራ የገባት ሁለቱም ምዕራፍ ላይ መጻፏ ነው… አንዱ ሥርዓት የሙጥኝ ይላል፣ ሌላው ሥርዓት ያፈርሳል። እንዴት አንድ ሰው ሁለቱንም ይሆናል?

ሐኪም ቤት የወሰዳት ይሄ ነው።

ከሐኪም ቤቱ እንደወጣች ደጃፉ ላይ ቆማ ለእህቷ ደወለች።

«ማን ሞተ?» አለች እህቷ። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይሄ ነው።

«ማንም አልሞተም… ሐኪም ቤት ሰው ይዘሽ ነይ አሉኝ።»

«አመመሽ እንዴ?»

«አላውቅም።»



«ስንት ሰዓት ልምጣ?»

ሐሙስ ዕለት ሐኪሟ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። አልተሳሳሙም። መሐላቸው አንድ ባዶ ወንበር አለ።

ጥያቄው ሲጀመር ታናሽየዋ ሳታስብ ነው የምትመልሰው።

«አረንጓዴ ሹራብ ነበራት፣ ከሱ ሌላ አትለብስም። እናታችን ያንኑ ሹራብ በሦስት ቁጥር ገዝታ ደብቃ ታስቀምጥላት ነበር።»

«ከትምህርት ቤት የአንድ እግሯን ጫማ ብቻ ይዛ ትመጣለች። የሌላውን የት እንዳስቀረችው አታውቅም።»

«ደወል ሲደወል ጆሮዋን ትይዛለች። አንዴ አስተማሪው ናቀችኝ ብሎ በጥፊ መታት።»

«እርስዎስ ያኔ ምን ያደርጉ ነበር?» አለች ሐኪሟ።

«እኔማ… ከክፍሌ ሮጬ መጥቼ በእጄ እደፍንላት ነበር። ታናሿ እኔ ነኝ፤ ታላቅ የሆንኩትም እኔ ነኝ።»

አራሚዋ አንገቷን ደፋች። ያንን ትንሽ እጅ ረስታው ነበር።

«ታዲያ ምን አለያያችሁ?» አለች ሐኪሟ።

«ሰርጌ ላይ ጥላኝ ሄደች። ፎቶ ልንነሳ ስንፈልጋት የለችም።»

«ድምፁ… መብራቱ…» አለች ታላቅየዋ።

«እሱን አውቃለሁ። አንድ ሰዓት እንደማትቆዪ አውቅ ነበር። ከአዳራሹ ኋላ ያለችውን ክፍል ለምኜ ወንበር አስገብቼልሽ ነበር… በግርግሩ ሳልነግርሽ ቀረሁ። እኔን ያቃጠለኝ መውጣትሽ አይደለም። ከዚያ ወዲያ አንዴ እንኳ አለመደወልሽ ነው።»



አራሚዋ ከቦርሳዋ አንድ ያረጀ ደብተር አውጥታ ሰጠቻት።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰርጉ ማግስት ቀን አለ። «እህቴ፣ ይቅርታ…» ይልና በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ቀጣዩ ገጽ ላይም… ቀጣዩም… ደብተሩ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ደብዳቤ ነው። ስልሳ ሦስት ጊዜ ተጽፎ፣ ስልሳ ሦስት ጊዜ ታርሞ፣ አንዴም ያልተላከ።

«መጀመሪያ መላኩን ረሳሁት። ሳስታውስ ሳምንት ሆነ። ከዚያ ወር ሆነ። ከዚያ አፈርኩ… ስህተት የሌለበት እስኪሆን ብዬ ነው።»

እህቷ የመጀመሪያውን ገጽ ሁለቴ አነበበችው።

«ይሄኛው ምኑ ነው ስህተቱ?»

«አነሰብኝ።»

«ይሄ ይበቃኝ ነበር እኮ» አለች።

ሐኪሟ ጥቂት ቆይታ ውጤቱን ነገረቻቸው። «ኦቲዝምም፣ ኤዲኤችዲም… ሁለቱም ነው። አንድ ሰው ላይ አብረው ይኖራሉ። ስንፍናም፣ ኩራትም አልነበረም።»

ታናሽየዋ ልጆቿን ከትምህርት ቤት የምታመጣበት ሰዓት ደርሶባታል። በሩ ላይ ዞር አለች።

«ቅዳሜ ቤት ብትመጪ… ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ።»

«ልረሳው እችላለሁ።»

«እኔ እደውልልሻለሁ።»

አራሚዋ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር… ግን እናቷ ይህን ሳትሰማ መሞቷ ትዝ ሲላት አለቀሰች።

ቅዳሜ እስኪደርስ ሁለት ቀን ነው። የምታወራው ሰው የሌላት ሰው ግን ሁለት ቀን ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቃለች።

ወዳጆቼ… ሰው ላይ ስም ከማውጣታችን በፊት «ምን ሆነሽ ነው?» ብለን እንጠይቅ። እንከን የሌለው ቃል ስትፈልጉ ዓመት ያለፈባችሁም፣ እንከን ያለውን ላኩት… የሚጠብቀው ሰው ነጥብ አይቆጥርም።

እናንተስ… ዝም ያላችሁ ሰው ቢኖር ቀድማችሁ ትደውላላችሁ ወይስ እስኪደውል ትጠብቃላችሁ? እውነቱን ከታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።