የምስክሯ ክኒን

አልታየች በመጀመሪያው ቀጠሮ ቃሏን መስጠት አልቻለችም። ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ቀርባ፣ እጇን መጽሐፉ ላይ አድርጋ ልትምል ስትል ራሷን ስታ ወደቀች። ዳኛው ለሌላ ቀን ቀጥረው አሰናበቷት። ዘመኑ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነበር።

ባሏ ገብረ ጻድቅ ከአንኮበር በታች ባለው መንደራቸው፣ በገዛ ጓሮው በመጥረቢያ ተመትቶ ነው የሞተው። ሰው የእሷን ጩኸት ሰምቶ ሲደርስ፣ ጎረቤታቸው ታመነ ጋቢው በደም ርሶ፣ ሬሳውን ታቅፎ ተቀምጧል። ታመነ ከተወለደ ጀምሮ መስማትም መናገርም አይችልም። ጉልበቱ ግን የሁለት ሰው ነው። ከሟቹ ጋርም በእርሻ ድንበር ተጣልተው ነበር። ሌላ ገዳይ የፈለገ አልነበረም።

ሲገድለው አየሁ ያለችው ሚስቲቱ ብቻ ናት። እሷ ካልተናገረች ታመነ እንደሚፈታ ሁሉም ያውቃል።

ከወደቀች በኋላ ዘመዶቿ ወደ ክሊኒክ ወሰዷት። ክንዶቿ በጥፍሯ ተቧጭረው ቆስለዋል። እንቅልፍ እንዳጣች፣ እህል አልወርድ እንዳላት፣ ጭንቀቱ ሲነሳባት ገላዋን እንደሚበላት ተናገረች። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው። ማዘዣ ጻፈና ቁስል ለሚያጥበው ድሬሰር ለወርቅአገኘሁ ሰጠው። ክኒኑ ለሚያሳክከው ሰው የሚታዘዝ ቢሆንም ጭንቀትንም እንደሚያበርድ፣ ገና አዲስ የመጣ መድኃኒት እንደሆነ አስረዳው።

ወርቅአገኘሁ ቁስሏን ሲያጥብ የግራ እጇ አንጓ ተሰብሮ፣ ተጣሞ የዳነ መሆኑን አየ። ምን ሆነሽ ነው ቢላት ከበቅሎ ወድቄ ነው አለችው። እሱም አልፎ ሌላውን ቁስል ማጠብ ቀጠለ።

«ሰውየው እኮ ታስሯል። ምን ያስፈራሻል?» አላት።

«ዓይኑ» አለች። «ሲያየኝ አፌ ይተሳሰራል።»

ወርቅአገኘሁ አዘነላት። ታመነ በመጀመሪያው ቀጠሮ ያደረገውን እሱም ሰምቷል። በሰንሰለት የታሰረ እጁን አንስቶ ጣቱን ሲቀስርባት፣ ፖሊሶቹ በዱላ መትተው ነው ያስቀመጡት። ዳኛ ፊት እንኳ የሚዝት አውሬ ነው ተብሎ በከተማው ተወራ።

ክኒኑ ሠራላት። ክንዷ ጠገገ፣ እህል ቀመሰች፣ ከተማ ባለችው አክስቷ ቤት ፀሐይ እየሞቀች ጥጥ ትፈትል ጀመር። ትንሽ ድብት ይላታል እንጂ ጭንቀቱ ለቋታል።

ቀጠሮው ሲቃረብ የታመነ እህት ሸዋወርቅ አንድ ቅል ቅቤ ይዛ ወርቅአገኘሁን ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቀችው። ከወንድሟ ጋር በእጅ ምልክት የምትግባባ እሷ ብቻ ናት። ላስተርጉምለት ብትል ግን ፍርድ ቤቱ እህቱ ናት ብሎ አልተቀበላትም።

«ጌታዬ፣ የቀጠሮው ቀን መድኃኒቱን አይስጧት» አለችው። «ሳትውጥ ትቅረብ። እሱን እያየች ትናገር።»

ወርቅአገኘሁ ደሙ ፈላ። ባሏ የሞተባትን ሴት ዳግመኛ በፍርሃት ሊጥሏት እንደተነሡ ገባው። ሸዋወርቅ ወንድሟ የነገራትን ልታስረዳው ስትጀምር፣ ቅቤሽን ይዘሽ ሂጂ ብሎ በሩን ዘጋባት። ከዚያ ወዲያ ክኒኑን ማንም እንዳይለውጠው ብሎ፣ ራሱ አክስቷ ቤት ድረስ እየወሰደ እፊቱ ያስውጣት ጀመር።

የቀጠሮው ዕለትም ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ውኃ ይዞላት ቆመ። ሐኪሙ ከባሰባት ሁለት ትውሰድ ብሎ ነበርና ሁለት ሰጣት። ከዚያም ከሕዝቡ ጋር ገብቶ ተቀመጠ።

አልታየች ማለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። ባሏ እንጨት እየፈለጠ ሳለ ውኃ ሊጠጣ መጥረቢያውን እንዳስቀመጠ፣ ታመነ በኋላው መጥቶ እንዳነሣው፣ ማጅራቱን እንደመታው፣ ሲወድቅም እንደደገመው አንድ በአንድ ተናገረች።

ታመነ ከጉሮሮው ድምፅ አወጣ። ጣቱን ወደ ገዛ ዓይኑ አደረገ፤ መልሶ ወደ እሷ ቀሰረ። ደግሞ ወደ ዓይኑ፣ ደግሞ ወደ እሷ።

«ዓይንሽን አወጣዋለሁ ማለቱ ነው» አለ አንዱ ከሕዝቡ መካከል፤ ብዙው ሰው አጉረመረመ። ሸዋወርቅ ተነሥታ እንደዚያ አላለም ስትል ፖሊስ ጎትቶ አወጣት። አልታየች ግን አልደነገጠችም። እጁ ዝሎ እስኪወርድ ድረስ ትክ ብላ አየችው።

ዳኛው ፍርዱን ሲሰጡ፣ እንዲህ ረግታ የምትናገር ሴት አትዋሽም አሉ።

ታመነ ፍርዱ ሲነበብ አልሰማም። ከፍርዱ በኋላ እህቱን እስር ቤት ስላላስገቧት በምልክት የነገረውም የለም። ፍርዱ ከላይ ጸድቆ መጣ፤ ቅዳሜ ጠዋት ገበያው መሀል አወጡት። ሕዝቡን ሲያይ የሚለቁት መስሎት ሸዋወርቅን በዓይኑ ይፈልግ ነበር። የተፈረደበትን ያወቀው ገመዱን ሲያይ ነው።

አልታየች ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት ወርቅአገኘሁን ልትሰናበተው ክሊኒክ መጣች። ፊቷ ሞልቷል። ለመንገድ ያዘጋጀላትን ክኒን ቢሰጣት አያስፈልገኝም አለችው።

«ሸዋወርቅ ጎረቤትሽ ናት» አላት። «ብቻሽን ስትሆኚ ፍርሃቱ ቢመለስብሽስ?»

«አይመለስም» አለች ነጠላዋን እያጣፋች። «የዚያን ቀን ጓሮ ውስጥ ያየኝ እሱ ብቻ ነበር።»