የመቅደሱ ደጅ ቀለበት

ጨርቅ በቀለም እየነከረ የሚተዳደረው ቶርሚል የመቅደሱን ደጅ ቀለበት የያዘው ትናንት ወደ ማታ ነው። እስካሁን አልለቀቀም። የኦልደን ከተማ ሰው ሥራውን ጥሎ አደባባዩን ሞልቶታል፤ የተጠበሰ አተር የሚሸጡትም ገበያቸው ደርቶላቸዋል። ሰው ሊሞት ሲል የኦልደንን ሰው ምን እንደሚያስርበው እንጃ።

ሕጉን የማያውቅ የለም። ደም ያለበት ሰው ሮጦ ቀለበቱን ከያዘ ማንም አይነካውም። እስከ ማግስቱ ጀንበር መጥለቂያ ከጸና ከአገር ይባረራል እንጂ አይገደልም። ቀድሞ ከለቀቀ ወደ ገደል ይወረወራል። ታዲያ አንድ ጣጣ አለው፤ ቀለበቱን መያዝ ማመን ነው። የያዘው ሰው «ገዳዩ እኔ ነኝ» እንዳለ ይቆጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ዳኛም ምስክርም አይፈለግም።

ቶርሚል ይህን ያሰበበት አይመስልም። የመቅደሱ ዘይት ቤት ኃላፊ ቤርዱን ራሱን ተፈንክቶ ሞቶ ሲገኝ፣ አጠገቡ ቆሞ የታየው እሱ ነበር። እጁ ቀይ ነበር። ዕድሜ ልኩን ጨርቅ በቀይ ሲነክር የኖረ ሰው እጁ ሌላ ምን ሊመስል ይችላል ብሎ የጠየቀ የለም። «ገዳይ! ያዘው!» ሲሉት በርግጎ ሮጠ፤ እግሩም ያደረሰው እዚህ ነው።

ከደጁ በላይ ባለው ሰገነት ላይ ሊቀ ካህናት ኦስዋር ይንጎራደዳሉ። ቁጭ ማለት አልቻሉም። ዐይናቸው ሳይከደን ነጋ፤ የቀረበላቸው የገብስ ሾርባም ሳይነካ ቀዘቀዘ። ጠዋት ሕዝቡን የባረኩት በግራ እጃቸው ነበር፤ ቀኝ ትከሻቸውን ቁርጥማት ጀምሯቸዋል ተባለ። ለነፍሰ ገዳይ እንኳ እንዲህ የሚጨነቁ አባት ማግኘት መታደል ነው እያሉ ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ።

የዘብ አለቃው ጋስካር ጭንቀት የሚባል ነገር አልነካውም። ገመዱን ክንዱ ላይ ጠቅልሎ ቶርሚል ፊት ቆሟል።

«እንዴት ነው ወዳጄ፣ አልደከመህም?» አለው። «አፍንጫህ ላይ ዝንብ አርፏል። ልከክልህ?»

ሕዝቡ ሳቀ።

«እኔ አልገደልኩም» አለ ቶርሚል። ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቋል።

«ታዲያ ምን አስያዘህ? ዥዋዥዌ ልትጫወትበት ነው?»

ሊቀ ካህናቱ ጋስካርን ወደ ሰገነቱ አስጠሩት።

«ቤርዱንን መጀመሪያ ያገኘኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባታችን።»

«ከእሱ ጋር አትስማሙም ነበር ይባላል።»

የጋስካር ፊት ቀላ። «ነፍሱን ይማረውና ከማን ጋር ተስማምቶ ያውቃል? ያልገባበት ነገር አልነበረም እኮ።»

«ይሄ ነካሪ ምን አየሁ አለ? የነገረህ ነገር የለም?»

«ምን ያያል አባታችን! አልገደልኩም ብቻ ነው የሚለው። ማታ ገደሉ አፋፍ ላይ ይጨርሰዋል።»

«ውሃ ስጡት።»

«ሕጉ አይፈቅድም። ያስተማሩንም እርስዎ ነዎት።»

ጋስካር እያፏጨ ደረጃውን ወረደ። ሊቀ ካህናቱ ከኋላው ረጅም ጊዜ አዩት።

ቀጥላ የሟች ሚስት ሊዝና ገባች። በኦልደን ባሏ የተገደለባት ሴት ደሙ እስኪመለስ ጫማ አታደርግም፤ እግሯ አቧራ ለብሷል።

«ይማሩት ብለው እንዳይለምኑለት» አለች። «ሲወድቅ ማየት እፈልጋለሁ።»

«የዚህ ሰው ሞት ባልሽን አይመልስልሽም፣ ልጄ።»

«ትንሽ ባርፍስ? እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ጩኸቱ ነው የሚመጣብኝ። ስንቴ ጠርቶኝ ይሆን እላለሁ።»

«አልጮኸም» አሉ ሊቀ ካህናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አልተሰቃየም። እሱን ከልብሽ አውጪው።»

ሊዝና እጃቸውን ስማ ተንሰቀሰቀች። ከመጡት አጽናኞች ሁሉ ልቧን ያሳረፈላት ይህ ብቻ ነበር።

«ሰሞኑን ሰላም አልነበረውም» አለች ፊቷን እየጠረገች። «ለንጉሡ የምነግረው ነገር አለ ይል ነበር።»

ሊቀ ካህናቱ መንጎራደዳቸውን አቆሙ። «ስለ ምን እንደሆነ ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። የተቀደሰው ዘይት እየጎደለ ነው ሲል ብቻ ሰምቼዋለሁ። ዘይት ቤቱን የሚጠብቁት ደግሞ የጋስካር ሰዎች ናቸው።» የተናገረችው ነገር ራሷን አስደነገጣት። ወደ አደባባዩ አየች። «ምን ዋጋ አለው! ገዳዩ ቀለበቱን ይዞ አምኖ የለም እንዴ?»

እሷ ስትወጣ ሊቀ ካህናቱ እንደገና ይንጎራደዱ ጀመር።

ጀንበር ወደ ኮረብታው አዘቀዘቀች። ቶርሚል ቀለበቱ ላይ በአንድ እጁ ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጣቶቹ ይላቀቁ ጀመር። ጫጫታው ቀስ በቀስ ጠፋ፤ አተር ሻጮቹም አፋቸውን ያዙ። ጋስካር ገመዱን ከክንዱ ፈታ።

«አባታችን!» ብሎ ጮኸ ቶርሚል። «እርስዎ የሰው ልብ ያያሉ! እኔ አይደለሁም!»

ሰገነቱ ላይ ይሰማ የነበረው ኮቴ ቆመ።

ጥቂት ቆይቶ የጎኑ በር ተከፈተና ሊቀ ካህናቱ ወጡ። አክሊላቸውን አልደፉም፤ በትራቸውንም አልያዙም። ሰዉ እያጎነበሰ መንገድ ለቀቀላቸው። ሊዝና ወደ ፊት ተጠጋች።

«እግዜር ይስጥልን፣ አባታችን» አለ ጋስካር። «እጁን እርስዎ ሊያላቅቁት ነው?»

ሊቀ ካህናቱ አልፈውት ሄዱና፣ ከቶርሚል ጣቶች ጎን ቀለበቱን ጨብጠው ያዙ።