ሠላሳ ስድስት ጠብታ

"አንተ ነህ የመረዝከው።"

የሞተር ታክሲ ነጂው ፕራሶንግ ይህን ሲል የኮምሳንን ኮሌታ ጨብጦ ነበር።

የኮምሳን የስጋ ጥብስ መደርደሪያ ተገልብጦ ከሰሉ አስፋልት ላይ ተበትኗል...

ቡአሎይ ከጎኑ ተዘርግቷል። ጭንቅላቱን ማንሳት አቅቶታል። እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሽንቱ ያመልጠዋል።

ቡአሎይ የማንም ውሻ አይደለም። የሰፈሩ ነው። ቺያንግ ማይ ውስጥ፣ በእኛ ቅያስ ያለ ቤት ሁሉ ያበላዋል።

"ምንም አልሰጠሁትም" አለ ኮምሳን።

"እሱንማ እናውቃለን" አለች ባለ ጥፍር ቤቷ ዊቹዳ። "ከመጣህ አምስት ወርህ፤ አንዲት ቁራጭ ስጋ ወርውረህለት አታውቅም። ያላበላው ካልመረዘው ማን ይመርዘዋል?"

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

እኔም ነቀነቅሁ።

እውነቱን ልናገር... እኔ ልብስ ማጠቢያ አለኝ። የዚህ ሰው ጭስ የማሰጣው አንሶላ ውስጥ ይገባል። "ከዚህ ሰፈር ይውጣልን" ብዬ የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ኮምሳን አልተሟገተም። ውሻውን አቅፎ ሞተሩ ላይ የተገጠመው ጋሪ ውስጥ አስተኛው።

"ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ። የማያምነኝ አብሮኝ ይምጣ።"

ተሳፈርኩ። ለውሻው አዝኜ አይደለም፤ መንገድ ላይ እንዳይጥለው ልጠብቀው ነው። ፕራሶንግና ዊቹዳ ከኋላ ተከተሉን።

ዶክተር ናሪሳራ ዓይኑን በባትሪ አየችው።

"ምን ወሰደ?"

ሁላችንም ወደ ኮምሳን ዞርን።

"ልወቅሳችሁ አይደለም። ካላወቅሁ ላክመው አልችልም።"

"እርስዎ ያዘዙለትን ዘይት ነው" አለች ዊቹዳ። "ሲቢዲውን። ሦስት ጠብታ ብቻ።"

አምና በሎይ ክራቶንግ በዓል ርችት ሲተኮስ ቡአሎይ ደንግጦ ሮጠና መኪና ገጨው። ዘንድሮ በዓሉ ሳይደርስ ዊቹዳ እዚሁ አመጣችው። ለፍርሃቱም ለእግሩም ብላ ዶክተሯ ይህን የካናቢስ ዘይት አዘዘችለት። ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት።

ፕራሶንግ ጫማውን ማየት ጀመረ።

"እኔም ዛሬ ጠዋት ሰጥቼዋለሁ... ስድስት። ርችቱ ይብሳል ብዬ።"

"ከዚያው ጠርሙስ?"

"ከራሴ። ለወገቤ የገዛሁት ነው።"

"ለሰው የተሠራውን?"

"ውሻውም ወገብ አለው፣ ዶክተር።"

ማንም አልሳቀም። ምክንያቱም እኔም በእንቁላል አስኳል ለውሼ ሦስት ጠብታ ሰጥቼዋለሁ...

ልብስ ማጠቢያዬ ውስጥ "ካልሲ ጎደለኝ" የሚል ሲመጣ የማደርገውን አውቃለሁ። እቆጥራለሁ። ስልኬን አወጣሁና ቤት በቤት ደወልኩ።

አሥራ አንድ ቤት። አሥራ አንድ ጠርሙስ። ዊቹዳ "ሦስት ጠብታ" ያለችው ሁሉ የየራሱን ገዝቶ ኖሯል።

አሥሩ ሦስት ሦስት፣ ፕራሶንግ ስድስት።

ሠላሳ ስድስት ጠብታ። በአንድ ጠዋት።

አራቱ ጠርሙስ ለሰው የተሠራ ነው። ሁለቱ ደግሞ ቲኤችሲ የሚሉት አስካሪው ነገር አለባቸው። "እንዲህ የጣለው በተለይ እሱ ነው" አለች ዶክተሯ። ከዚያ ወደ ዊቹዳ ዞረች።

"ወረቀቱ ላይ ምን ብዬ ነበር የጻፍኩልሽ?"

"ሦስት ጠብታ።"

"ከሥሩስ?"

ዊቹዳ ቦርሳዋን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

"አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ሰጪ። ነገርሻቸው?"

"ረዘመብኝ" አለች ዊቹዳ።

ከሰፈራችን እጁ ያልገባበት አንድ ሰው ብቻ ነው። ኮሌታው የተቀደደው።

"አንተስ ለምንድን ነው ምንም የማትሰጠው?" አልኩት።

"አክስቴ፣ ሁሉም ያበላዋል። እኔ ጋ ሲደርስ ሆዱ ተወጥሮ ነው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ይንገዳገድ ነበር። ነግሬዎታለሁ።"

"መቼ?"

"እሑድ። የውሻውን መድኃኒት ማን ነው የያዘው ብዬ ብጠይቅዎ፣ 'አንተ መጀመሪያ ጭስህን ያዝ' አሉኝ።"

ብያለሁ።

"ሰኞ አንገቱ ላይ ያሰርኳት ካርቶንስ?"



አይቻታለሁ። በሲባጎ የተንጠለጠለች ቁራጭ ካርቶን። ይሄ ጥብስ ሻጭ በሰፈሩ ውሻ ማስታወቂያ ሊሠራ ነው ብዬ በመቀስ ቆርጬ ጣልኳት። ሳላነባት።

"ምን ትል ነበር?"

"'ዛሬ መድኃኒት የሰጠኝ ሰው ጭረት ያድርግልኝ።'"

አርባ አንድ ዓመት የሰው ካልሲ ቆጥሬ ለባለቤቱ መልሻለሁ። ለአንድ ነፍስ የተዘጋጀችውን ቆጠራ ግን ቆሻሻ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ...

ቡአሎይ ሁለት ቀን ግሉኮስ ተተክሎለት ተረፈ።

ኮምሳን ግን ወደ እኛ ሰፈር አልተመለሰም። ፕራሶንግ አንድ ጆንያ ከሰል ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቀው ሄደ።

"ይቅር ብያችኋለሁ" አለው ኮምሳን። "ግን ነገ አንድ ነገር ሲጠፋ የምታዩት እኔን ነው።"

ፕራሶንግ ከሰሉን እንደተሸከመ ተመለሰ።

ቡአሎይ አሁንም ከሰዓት ከሰዓት ጋሪው ይቆምበት የነበረው ቦታ ሄዶ ይተኛል። አንሶላዎቼ ጭስ ጭስ አይሉም። ያተረፍኩት እሱን ነው።

አሁን ስሙኝ፤ የተናደድኩት መጀመሪያ በራሴ ነው።

ስለወደዳችሁት ብቻ የእንስሳ አፍ ውስጥ ጠብታ አትጨምሩ። ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ንገሩት። ለሰው የተሠራውንም፣ ውስጡ ምን እንዳለ በግልጽ ያልተጻፈበትንም አትስጡ። የውሻውን ለድመቷ አታካፍሉ። የቡአሎይንም ሦስት ጠብታ እንዳትገለብጡ፤ የእሱ ልክ ነው። የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን፤ በሰጠ ቁጥርም ይጻፍ።

ያልተቆጠረ ደግነት ከመርዝ አይለይም። መርዙን የምንፈልገው ግን ሁልጊዜ በእንግዳው ሰው እጅ ላይ ነው...

እናንተ ቤት ያለው ውሻ ወይም ድመት ዛሬ ከስንት ሰው እጅ ቀመሰ?

ሰበብ አልፈልግም። ጠይቃችሁ፣ ቁጥሩን ብቻ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።