ደጄ ላይ ውሃ የሚያስቀምጠው ሰው

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ጓደኛዬ በሕዝብ ፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ግጥም አድርጎ በጠጣበት ማክሰኞ ነው...

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበር። ገበሬው ሁሉ ወጥቷል።

እኔ የነዳጅ አውጪው ድርጅት የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነበርኩ። ቆሜ ያልኩት ይህንን ብቻ ነው...

«የነዳጁን ቧንቧ የከበበው ሲሚንቶ ተሰንጥቋል። ጨዋማ ውሃና ድፍድፍ ነዳጅ ወደምትጠጡት ውሃ እየሰረገ ነው። እስኪጠገን ሥራው ይቁም።»

ጓደኛዬ የቁፋሮው ኢንጂነር ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን በአንድ ተደራራቢ አልጋ ነው የኖርነው። እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ።

ተነሳ። ከግቢው ፓምፕ ቀዳ። ጠጣ። አፉን ጠረገና...

«ይኸው። ሞትኩ እንዴ?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

አንድ ብርጭቆ ማንንም አይገድልም። ጣጣው ዓመት ከዓመት ሲጠጡት ነው። ይህንን እሱም ያውቃል... ግን ከዚያ ሁሉ ሳቅ በኋላ እኔን ማን ያዳምጣል?

በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረርኩ። ስሜም «ውሃ ፈሪው» ሆኖ ቀረ።

አባቴ በተወልኝ ቤት ብቻዬን ተቀመጥኩ። «ልጆቻችንን ሥራ ሊያስፈታ የነበረው» እያሉ ይጠቋቆሙብኛል። ለቅሶ ቤት እንኳ ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ይውላል።

የምጠጣውን ከላይኛው ምንጭ በእግሬ እየሄድኩ እቀዳ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት... ቢጫ ጀሪካን። ሙሉ ውሃ።

ቀመስኩት። ንጹሕ ነው።

በሳምንቱ ደግሞ ሌላ።

ባዶውን አጥቤ አወጣለሁ፤ በሙሉ ይተካልኛል። አድብቼ ማየት እችል ነበር። አላደረግኩትም... ካየሁት ይቀርብኛል ብዬ ፈራሁ።

የሚያምነኝ አንድ ሰው አለ ማለት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ትሆናለች ብዬ ገምቼ በሐሳቤ ላገባት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ባለፈው ወር ወገቤን አሞኝ ሐኪም ጋ ለመሄድ ማልጄ በሩን ከፈትኩ።

ጀሪካን ይዞ ያጎነበሰው... ኢንጂነሩ ጓደኛዬ ነው።

«አንተ?»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከከተማ። ለልጆቼም ከዚያው ነው የምጭነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ከስብሰባው በፊት ነው?»

«... አንተ እንዳትጎዳብኝ ብዬ እኮ ነው፣ ወንድሜ።»

«ሌላውስ?»

ከአጥሩ ማዶ ፓምፕ ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል ይሰማል። ጎረቤቴ እትዬ ለልጅ ልጃቸው ውሃ እየቀዱ ነው። እሱም ሰማ።

«ሂድና ንገራቸው» አልኩት።

«ልጆች አሉኝ እኮ...»

«እሳቸውም ልጅ እያሳደጉ ነው።»

መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ጀሪካኑን ተሸክሜ ለእትዬ ወሰድኩላቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ውሰደው የኔ ልጅ» አሉኝ እየሳቁ። «እኛ እንዳንተ ሆደ ስስ አይደለንም። ኢንጂነሩ ራሱ ጠጥቶ አሳይቶን የለ?»

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ያመነኝ ሰው ያው በሕዝብ ፊት የካደኝ ሰው ነው...

ወገኖቼ፣ በድብቅ የሚደረግ ደግነት ሁሉ ትሕትና አይምሰላችሁ። አንዳንዱ ፍርሃት ነው። እውነቱን ለሚያውቅ ሰው ውሃ ማቀበል ቀላል ነው፤ ለማያውቀው አፍ አውጥቶ መናገር ነው ከባዱ።

እናንተ ብትሆኑ ጀሪካኑን ትቀበሉት ነበር ወይስ ትመልሱለት ነበር? ከታች ጻፉልኝ።

አንተ ደግሞ... ይህንን እንደምታነብ አውቃለሁ። እኔ ስናገር ይስቃሉ፤ አንተ ብትናገር ያምናሉ።

ነገ ጠዋት ያ ሕፃን ምን ይጠጣ?

መልስልኝ።