የኦዴሳ ግምት

የጎድን ጥብሱ ገና ከፍሙ ሳይወርድ በአላባማው ጓሮ ክርክሩ ጦፎ ነበር። ቴሬል በአሜሪካ ፉትቦል ከሩቅ የሚወረወርለትን ኳስ እየቀለበ ይህን ሁሉ ቤተሰብ የሚቀልብ ልጅ ነው። የዓመቱ ውድድር ሊጀመር ሲል ታዲያ ዘመዶቹ ዘንድሮ ስንት ኳስ እንደሚቀልብ ይገምታሉ።

«ዘጠና!» አለ አጎቱ ሉሸስ።

«ተው እንጂ አጎቴ! አምና ተሸንፈህ ሳህን ያጠብከውን ረሳኸው?» አለች እህቱ። «ሰባ።»

እናቱ ኦዴሳ በረዶ ገዝቶ እንዲመጣ ብላ የመኪናዋን ቁልፍ እንደ ልማዷ በግራው በኩል ወረወረችለት። ከልጅነቱ ጀምሮ አምልጦት አያውቅም። ቁልፉ ጉንጩን መትቶት ሣሩ ላይ ወደቀ፤ እጁን እንኳ አላነሳም።

«ኧረ ጉድ! ስልሳ በይው!» ብለው ሳቁ።

ኦዴሳ አልሳቀችም። ቁልፉን አንስታ ግራ ዓይኑ አጠገብ ቀስ ብላ አወዛወዘችው። ዓይኑ ንቅንቅ አላለም። በግንቦት ልምምድ ላይ ጭንቅላቱን ሲመታ «ድኛለሁ» ብሏት ነበር።

«እማ፣ አደራሽን» አላት በሹክሹክታ።

ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀምጣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።

«አንቺስ እህቴ? መቼም ካንቺ በላይ የሚገምት የለም፤ ስንት?» አለ ሉሸስ።

«ዜሮ» አለች።

ጓሮው በሳቅ አውካካ። ቴሬል ብቻ ቁልፉን ጨብጦ አንገቱን ደፋ።